ካምፐር በክፍያ መንገድ ላይ፦ ቁመትና ክብደት በአውሮፓ ምን ያስከፍላሉ?

ካምፐር አልጋውን፣ ምድጃውን፣ የውሃ ጋኑንና አብዛኛውን ጊዜ መጸዳጃውን ይዞ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ነው። በአማርኛ «የቤት መኪና» ስንል የግል አነስተኛ መኪና ማለታችን ነው፤ ይህኛው ግን ቤት የሆነ መኪና ነው። ቋንቋችን ላይ የሚታየው መደነጋገር በአውሮፓ የክፍያ ጣቢያዎችም አለ። የመንገድ ታሪፍ ሲወጣ በዋናነት የታሰቡት ሁለት ዓይነት ተሽከርካሪዎች ናቸው፦ ቤተሰብ የሚይዘው አነስተኛ መኪናና ሸቀጥ የሚያመላልሰው ከባድ መኪና። ካምፐር ሥራው እንደ መጀመሪያው፣ ቁመናው እንደ ሁለተኛው ስለሆነ ድንበር በተሻገረ ቁጥር ምድቡ ይለዋወጣል። ጣሊያን ውስጥ ከአነስተኛ የጭነት መኪና ጋር የተሰለፈው ካምፐር ኖርዌይ ሲደርስ እንደ ቤት መኪና ሊከፍል ይችላል። ኦስትሪያ ውስጥ ደግሞ በሊብሬው ላይ ጥቂት ኪሎ በመብለጡ ብቻ ከከባድ መኪና ጋር ይቆጠራል።

ሁለቱ መለኪያዎች፣ ቁመትና ክብደት፣ እኩል አይደሉም። ቁመት የሚለውጠው ዋጋን ነው። ክብደት ግን የአከፋፈሉን ሥርዓት ራሱን ይለውጣል፤ 3.5 ቶንን፣ በእኛ አቆጣጠር 35 ኩንታልን ያለፈ ካምፐር በብዙ አገሮች ሌላ መሣሪያ መግጠም፣ ሌላ ምዝገባ ማድረግና ሌላ ሕግ ማክበር ይጠበቅበታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁመት ለምን ይለካል?

ቁመት መንገድ አይጎዳም። መንገድን የሚጎዳው እያንዳንዱ አክስል መሬቱ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ነው። ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደ ትልቅ የመንገድ ሙከራ የተገኘውና መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት ግምት በአክስሉ ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል ይላል። በዚህ ስሌት ክብደቱ በሁለት አክስል እኩል የተከፋፈለ የ3.5 ቶን ካምፐር አንዱ አክስል የሚያደርሰው ጉዳት፣ 10 ቶን የተሸከመ የከባድ መኪና አክስል ከሚያደርሰው አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ረጅም ካምፐር ከአጭር ካምፐር የበለጠ የሚከፍለው በመንገዱ ላይ ባደረሰው ጉዳት አይደለም።

ምክንያቱ የጣቢያው አሠራር ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች በየሰዓቱ በሚያልፉበት በር ላይ እያንዳንዱን መመዘን አይቻልም፤ በብርሃን ጨረር ቁመትን ማየት፣ ወለል ላይ በተቀበረ መቁጠሪያ አክስልን መቁጠር ግን ይቻላል። ቁመት የክብደት ወኪል ሆኖ የገባው በዚህ መንገድ ነው። በሲራራ ነጋዴ ዘመን የኬላ ሹም በቅሎዋን ሳይሆን በጀርባዋ ላይ ያለውን ጭነት ያይ ነበር፤ የዛሬው መሣሪያ ግን ጭነቱን ስለማያይ የበቅሎዋን ቁመት ይለካል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ፈረንሳይ፦ ሁለት ሜትርና ሦስት ሜትር

የቁመት ሕግ በጣም ጎልቶ የሚታየው በፈረንሳይ ነው። ምድቦቹ አምስት ናቸው። ጠቅላላ ቁመቱ ከ2 ሜትር የማይበልጥና የተፈቀደ ክብደቱ እስከ 3.5 ቶን የሆነ ተሽከርካሪ ምድብ 1 ነው። ክብደቱ በዚያው ወሰን ውስጥ ሆኖ ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ፣ ከ3 ሜትር በታች ከሆነ ምድብ 2 ይሆናል። ቁመቱ 3 ሜትር የደረሰ ወይም ክብደቱ ከ3.5 ቶን ያለፈ ባለ ሁለት አክስል ምድብ 3 ውስጥ ይገባል፤ እንዲህ ያለው ሦስትና ከዚያ በላይ አክስል ካለው ምድብ 4 ነው። ምድብ 5 የሞተር ሳይክል ነው።

ልዩነቱ ኪስ ይነካል። በብዙ መስመሮች ምድብ 2 የምድብ 1ን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይከፍላል፤ ምድብ 3 ደግሞ ሁለት እጥፉን ያልፋል። ከሰሜን እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚዘልቅ ጉዞ ይህ ልዩነት የአንድ ሌሊት ማረፊያ ዋጋ አይደለም፤ የብዙ ሌሊት ነው።

አምራቾችም ይህን ያውቃሉ። ቮልስዋገን ካሊፎርኒያ የሚባለው፣ ጣሪያው ማታ ወደ ላይ የሚከፈተው ትንሽ ካምፐር በቲ5 እና በቲ6 ትውልዶቹ 1.99 ሜትር ቁመት ነበረው። ያቺ አንድ ሴንቲሜትር የፈረንሳይን ምድብ 1ና የከተማ መኪና ማቆሚያዎችን የ2 ሜትር ጣሪያ በአንድ ጊዜ ታስገኛለች። በአንጻሩ በፊያት ዱካቶ ላይ የተሠሩት ሰው ቆሞ የሚንቀሳቀስባቸው ካምፐሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 ሜትር በላይ ናቸው፤ ምድብ 2 ለእነርሱ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ከሾፌሩ ራስ በላይ አልጋ ባላቸው ትልልቆቹ ላይ ነው። እነዚህ ለ3 ሜትር በጣም የቀረቡ ወይም ያለፉ ናቸው፤ ጣሪያቸው ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ወይም የሳተላይት ሰሃን ሲጨመር ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። የብርሃን ጨረሩ የሚያየው ከፍተኛውን ነጥብ ነው፤ አቅራቢያው ያለው የከባድ መኪና ጥላም ያሳስተዋል ብለው የሚምሉ አሽከርካሪዎች አሉ።

በአነስተኛ መኪና ፖርቶ መጋላ ላይ የተጫነ ሻንጣ ምድብ መለወጥ አይገባውም። መሣሪያው ከተሳሳተ መፍትሔው ከመክፈል በፊት የእርዳታ ቁልፉን ተጭኖ ከሠራተኛው ጋር መነጋገርና ሊብሬውን ማሳየት ነው። ከከፈሉ በኋላ መከራከር ረጅም መንገድ ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ለአካል ጉዳተኛ ማጓጓዣ የተዘጋጀና ይኸው በሊብሬው ላይ የተጻፈለት የምድብ 2 ተሽከርካሪ በምድብ 1 ዋጋ ማለፍ ይችላል።

አንዳንዶቹ መስመሮች ከ2 ሜትር በላይ ቁመት የማያሳልፍ አግዳሚ አላቸው፤ ካምፐር የያዘ ሰው ተሳስቶ ከገባ ማለፍ አይችልም። ለቀላል ተሽከርካሪ የተሰጠ የኤሌክትሮኒክ መክፈያም ለምድብ 3 እና 4 አይሠራም።

በኮፈኑ ላይ የሚለኩት

ጣሊያን የምትለካው ጣሪያውን ሳይሆን የፊተኛው አክስል ባለበት ቦታ የተሽከርካሪውን ቁመት ነው። እዚያ ላይ እስከ 1.30 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት አክስል «ሀ»፣ ያለፈው «ለ» ይባላል ብለን እንተርጉመው። ኮፈኑ አጭርና ቁልቁል የሆነ፣ የንፋስ መከላከያ መስታወቱ ከፊት ጎማ በላይ የሚቆም ካምፐር ሁሉ ማለት ይቻላል «ለ» ውስጥ ይወድቃል። ደግነቱ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከፈረንሳይ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ጣሪያው 2.6 ይሁን 3.2 ሜትርም ለውጥ የለውም። እዚህ የሚያስወድደው ተሳቢ ነው። ሞተር ሳይክል የጫነች ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ከኋላ ከተቀጠለች የአክስሉ ቁጥር ሦስት ይሆናል፤ ምድቡም አብሮ ይወጣል።

በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የተጓዘ ሰው የጣሊያኑ አሠራር አይገርመውም፤ ሲገቡ ካርድ፣ ሲወጡ ክፍያ ነው። ካርዱን የጣለ ግን በጣሊያን ከሩቁ ጣቢያ እንደ ተነሣ ተቆጥሮ ይጠየቃል።

ፖርቱጋልም በፊተኛው አክስል ላይ ትለካለች፤ መሠረታዊ ወሰኗ ግን 1.10 ሜትር ነው፤ ለአንዳንድ ተሽከርካሪዎች በልዩ ሁኔታ እስከ 1.30 ትፈቅዳለች። አብዛኛው ካምፐር ከሁለቱም ስለሚያልፍ ምድብ 2 ነው። ከጥር 2025 ጀምሮ የአልጋርቭን ኤ22 ጨምሮ በርካታ መንገዶች ነጻ በመሆናቸው የደቡቡ ጉዞ ቀሏል። ክሮኤሺያ ጠቅላላውን ቁመት ታያለች፤ ወሰኗ 1.90 ሜትር ስለሆነ ፈረንሳይ ውስጥ ምድብ 1 ሆኖ ያለፈው ባለ 1.99 ሜትር ካምፐር እዚህ ወደ ምድብ 2 ይወጣል። ስሎቬኒያ ተለጣፊዋን፣ ማለትም ለተወሰነ ጊዜ የመንገድ ክፍያ መከፈሉን የሚያሳየውን ምልክት (ዛሬ ኤሌክትሮኒክ ነው)፣ በፊት አክስል 1.30 ሜትር ላይ ለሁለት ትከፍላለች፤ ነገር ግን እስከ 3.5 ቶን የሆነን ካምፐር ቁመቱ ምንም ቢሆን በርካሹ ምድብ ውስጥ ታስገባዋለች። ካምፐርን በስሙ ጠርተው ከሚያስቡለት ጥቂት ሕጎች አንዱ ይህ ነው።

ስፔን ቁመትን ትታ ጎማ ትቆጥራለች፦ ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ጥንድ ጎማ ያለው ካምፐር ከከባዶቹ ጋር ይመደባል። ደግነቱ በ2021 የኤፒ-7 እና የኤፒ-2 አውራ ጎዳናዎች ትልልቅ ክፍሎች ክፍያ ስለቀረ ጥያቄው እንደ ድሮው አያስጨንቅም። ዴንማርክንና ስዊድንን የሚያገናኘው፣ በ2000 የተከፈተው የኧረሰንድ ድልድይ ደግሞ ርዝመት ነው የሚያየው፤ መስመሩ 6 ሜትር ላይ ነው።

ሦስት ቶን ተኩል

እዚህ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የሚቆጠረው መኪናው በዚያ ቀን የሚመዝነው ሳይሆን በሊብሬው ላይ የተፈቀደለት ከፍተኛ ጠቅላላ ክብደት ነው። 3,850 ኪሎ የተፈቀደለት ካምፐር ባዶውን 3,200 ኪሎ ቢመዝንም ከ3.5 ቶን በላይ ነው። 3,500 የተፈቀደለት ደግሞ ከመጠን በላይ ጭኖ 3,700 ቢደርስ ለመንገድ ክፍያው ቀላል ሆኖ ይቀጥላል፤ ፖሊስ ሚዛን ላይ ካወጣው ግን ቅጣቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ ካምፐር ገዢውን እውነተኛ አጣብቂኝ ውስጥ ያስገባዋል። በ3,500 ኪሎ የተመዘገበ ዘመናዊ ካምፐር ዕቃ ሳይጫንበት 3 ቶን ሊጠጋ ይችላል። አራት ሰው፣ 100 ሊትር ውሃ፣ ሁለት ብስክሌት፣ የጋዝ ሲሊንደርና የሳምንት ቀለብ ሲጨመር የቀረው መጠን ያልቃል። ስለዚህ ብዙዎች የተፈቀደውን ክብደት በወረቀት ያስጨምራሉ። ጭነቱ ሕጋዊ ይሆናል፤ በምትኩ የመንገዱ ሥርዓት ይቀየራል።

ኦስትሪያ ውስጥ ለውጡ ትልቅ ነው። እስከ 3.5 ቶን ያለው ተለጣፊ ይገዛል፤ እንደ ብሬነርና ታወርን ባሉት ልዩ መስመሮች ደግሞ ተጨማሪ ይከፍላል። ከ3.5 ቶን ያለፈው ጎ-ቦክስ የሚባል ትንሽ ሳጥን መስታወቱ ላይ ገጥሞ በአክስል ቁጥርና በጭስ ልቀት ደረጃ እየተሰላ በየኪሎ ሜትሩ ይከፍላል። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ጮኸ ማለት ተከፍሏል ማለት ነው፤ አራት ጊዜ ከጮኸ ክፍያው አልተመዘገበምና ዝም ብሎ መንዳት ቅጣት መጥራት ነው። ቼክም ለከባዶቹ የራሷ ሳጥን አላት። ፖላንድ ውስጥ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ቀላል መኪኖች በመንግሥት አውራ ጎዳናዎች ላይ በነጻ ሲያልፉ፣ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ ካምፐር ኢ-ቶል በሚባለው ሥርዓት ተመዝግቦ ይከፍላል።

ስዊዘርላንድ የተለመደውን ግምት ትገለብጣለች። እስከ 3.5 ቶን ያለው ለዓመት 40 ፍራንክ የሚከፈልበትን ተለጣፊ መግዛት አለበት፤ ለሁለት ቀን ቢመጣም ያው 40 ፍራንክ ነው። ከባዱ ካምፐር ግን ተለጣፊ አያስፈልገውም፤ በቀን 3.25 ፍራንክ፣ ቢያንስ ግን 25 ፍራንክ ይከፍላል። ለአንድ ሳምንት የመጣ ባለ 4 ቶን ካምፐር 25 ፍራንክ ሲከፍል ከጎኑ ያለችው ትንሽ መኪና 40 ከፍላለች ማለት ነው። ሚዛኑ የሚዞረው በ13ኛው ቀን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለሚቆይ ደግሞ 650 ፍራንክ ይደርሳል። አንድ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም፦ ተለጣፊው የሚያስፈልገው ለአውራ ጎዳና ብቻ ሲሆን የከባዱ ክፍያ በማንኛውም የሕዝብ መንገድ ላይ ይሠራል። መንደር ውስጥ ተደብቆ ማምለጥ የለም።

ጀርመን በክብደቱ ላይ ጥያቄ የላትም። የከባድ መኪና ክፍያዋ በ2005 ሲጀመር ከ12 ቶን ነበር፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ወደ 3.5 ቶን ወርዷል። ይህ ግን የሸቀጥ መኪናን እንጂ ካምፐርን አይመለከትም። ለአነስተኛ መኪኖች የታቀደውንም ክፍያ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሰኔ 2019 በኦስትሪያ ክስ መነሻነት ጥሎታል። ፍራንክፈርት ወይም ሙኒክ ካምፐር ተከራይቶ ወደ ጣሊያን የሚወርድ ሐበሻ የመጀመሪያውን የክፍያ ጥያቄ የሚያገኘው የኦስትሪያ ወይም የስዊዝ ድንበር ላይ ነው። የተከራየው 3.5 ቶን ማለፍ አለማለፉን ቁልፉን ሳይቀበል ከሊብሬው ላይ ቢያነብ ይሻለዋል፤ ቅጣቱ በአከራዩ በኩል ዞሮ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው።

ኖርዌይ ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ትጠይቃለች ብዬ አምናለሁ፦ ተሽከርካሪው የተመዘገበው ለምንድን ነው? በሰው ማጓጓዣ ምድብ፣ ማለትም በኤም1 የተመዘገበ ካምፐር ከ3.5 ቶን ቢበልጥም እንደ ቀላል ተሽከርካሪ ይከፍላል። በሸቀጥ መኪና ምድብ የተመዘገበና በግል ወደ ካምፐርነት የተለወጠ ከባድ መኪና ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

በ2025 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት የመንጃ ፈቃድ ሕግ ተጨማሪ ሥልጠና ወይም ፈተና ያለፈ ሰው በተራው የ«ቢ» መንጃ ፈቃድ እስከ 4,250 ኪሎ የሚደርስ ካምፐር እንዲነዳ በር ይከፍታል፤ አገሮቹ በየሕጋቸው እስኪያስገቡት ዓመታት ይወስዳል። የመንገድ ክፍያው የ3.5 ቶን ወሰን ግን አብሮ አልተነሣም። በ4 ቶን ካምፐር ወደ ቪየና የሚነዳው ሰው ፈቃዱ ቢፈቅድለትም ሳጥኑን መግጠሙ አይቀርም።

በሩ ራሱም እየጠፋ ነው። ፈረንሳይ በ2022 የኤ79 አውራ ጎዳናን ያለ ጣቢያ ከፍታ፣ በ2024 ደግሞ ከፓሪስ ወደ ኖርማንዲ በሚወስዱት ኤ13 እና ኤ14 ላይ ጣቢያዎችን አንሥታ ከላይ በተዘረጋ ብረት ላይ ካሜራና መለኪያ ሰቅላለች። መኪናው ሳይቆም ይለካል፤ ሰሌዳው ይነበባል፤ መክፈያ መሣሪያ የሌለው ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ በኢንተርኔት ወይም በተመረጡ ሱቆች መክፈል አለበት። 2.95 ሜትር የሆነው ካምፐር 3 ሜትር ተብሎ ከተመዘገበ ሊብሬውን የሚያሳዩት ሠራተኛ፣ የሚጫኑት የእርዳታ ቁልፍ እዚያ የለም፤ ቅሬታው ቤት ከተገባ በኋላ በጽሑፍ ነው።