ስለ ፋይበርግላስ ጀልባ ጭረት የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

«ሰም ቀባሁበትና ጠፋ፤ ታዲያ ምኑን ልታስከፍለኝ ነው?» ይህን ጥያቄ ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። እኔ የምሠራው ዳላስ አካባቢ ጀልባ ጥገና ላይ ነው። ያገለገለ፣ ባስ የሚባለው ዓሣ የሚጠመድበት ጀልባ ገዝተው የሚመጡ የአገሬ ልጆችም አሉ። አካላቸው ፋይበርግላስ ነው፤ ማለትም ሬዚን በሚባል ሙጫ የተያያዘ የመስታወት ክር። የእነዚህ ጀልባዎች ጎን በፀሐይ የሚያብለጨልጨው ከሥር ፍሌክ የሚባል ባለቀለም የሚያብረቀርቅ ብናኝ ተረጭቶ፣ በላዩ ጄልኮት የሚባል ጥርት ያለ የሬዚን ሽፋን ስለሚደረብበት ነው። የሚጫረው ይህ የላይኛው ሽፋን ነው፤ የተሳሳተው ወሬ ሁሉ የሚነሳውም ከእሱ ነው።

«ሲቀባ ከጠፋ ድኗል»

አልዳነም። ጭረት ነጭ መስመር ሆኖ የሚታየው ቀለም ስለተላጠ ላይሆን ይችላል፤ የተቦጨቀው ቦታ ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ ስለሚበትነው ነው። በጭረቱ ውስጥ ውሃ፣ ዘይት ወይም ሰም ሲገባ ብርሃኑ መበተኑን ይቀንስና መስመሩ ከዓይን ይጠፋል። ጭረቱ ግን እዚያው አለ። ጀልባችሁን ውሃ አፍስሱበትና እዩት፤ ግማሹ ጭረት ወዲያው ይሰወራል። ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል። ሰምም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ቶሎ አለመልቀቁ ብቻ ነው።

አንድ ወንድማችን ከግለሰብ የገዛውን ቀይ ጀልባ ይዞ መጣ። ሲገዛው ፊት ያሳይ ነበር። ጥቂት ጊዜ ካጠበው በኋላ ሁለቱም ጎኖቹ መስመር በመስመር ሆኑ። እሱ «የማጠቢያው ሳሙና በላው» ብሎ አምኗል። ገና ያላጠበውን የጀልባውን የኋላ ክፍል እሱ እያየ በሰም ማስለቀቂያ ጠረግኩለት፤ እዚያም ጭረቱ ብቅ አለ። ሻጩ በሚሸፍን ፖሊሽ ሞልቶ ሸጦለታል። ስለዚህ ያገለገለ ጀልባ ስትገዙ አንድ ጥግ በሰም ማስለቀቂያ ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በፀሐይ አግድም ተመልከቱ። ባለቤቱ አይሆንም ካለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ።

ይባስ የሚያናድደኝ ሲሊኮን ያለበት ማብለጭለጫ የሚረጩት ናቸው። ሲሊኮኑ ጭረቱ ውስጥ ይሰርግና በኋላ እውነተኛ ጥገና ሲሠራ አዲሱ ጄልኮት አልይዝ ብሎ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በሰም ማስለቀቂያ መጥረግ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የሚገባው። ቀድሞ የፋቀ ሰው ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል።

«በማሽን ደጋግሞ ቢገፋ የማይወጣ ጭረት የለም»

ማሽን ጭረትን አያወጣም፤ በዙሪያው ያለውን ሽፋን እየበላ እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ያደርገዋል። ሽፋኑ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በማእዘኖቹ ላይ ደግሞ ከዚያም ሊሳሳ ይችላል። ሽፋኑን ጨርሳችሁ ፍሌኩን ከነካችሁት ቀለሙ ተገፎ ብርማ ነጠብጣብ ይቀራል፤ ያንን የሚመልስ ፖሊሽ የለም። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አሻግሩ። ካልያዘው በፖሊሽ፣ ቢበዛ በ1500 እና በ2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይልማል) ይለቃል። ከያዘው መሙላት ነው የሚያዋጣው።

«የመኪና ባትራሜ ቤት ይሠራዋል»

ቀለም ቀቢዎቹ በሙያቸው ጎበዞች ናቸው፤ ዕቃው ግን ሌላ ነው። የመኪና ክሊር፣ ማለትም በቀለሙ ላይ የሚረጨው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ውፍረቱ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የጀልባው ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል፤ ሬዚኑም ፖሊስተር የሚባለው ዓይነት ነው። በቆርቆሮ የሚሸጥ የመኪና ክሊር ረጭተው የላኩልኝ ጀልባ ሽፋኑ በጥፍር እየተነሳ ነበር።

«ኢፖክሲ ስለሚጠነክር ይሻላል»

ኢፖክሲ ሌላ ዓይነት ሬዚን ነው። ለስብራት ጥገና አዎ። ለጥርት ሽፋን ግን ፀሐይ ያስቢጨዋል፤ ከዚያ በላዩ ጄልኮት ልደርብ ብትሉ በደንብ አይይዝም።

«የጥርስ ሳሙና ጭረት ያጠፋል»

ተዉት።

«ጄልኮቱ እንዲደርቅ የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ ሲበዛ ቶሎ ይደርቃል»

ይደርቃል፤ ይቢጫል፤ ይሰነጠቃልም። ለ100 ግራም ጄልኮት 2 ሚሊሊትር ገደማ ይበቃል፣ የአምራቹን ወረቀት ተከተሉ። በስሪንጅ ለኩ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ይህ ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል፣ መነጽር ሳታደርጉ ክዳኑን አትክፈቱ። አሴቶን ከሚባለው ማሟሟያ ጋር በፍጹም አታቀላቅሉት።

ጥልቅ ጭረት ያላችሁ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ከጠረጋችሁ በኋላ የጭረቱን ከንፈር በትንሹ ሰፋ አድርጋችሁ ፋቁት፤ ቀጥ ያለ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ጄልኮት አይገባም፣ ቢገባም አየር ይቋጥራል። ጥርት ያለውን ጄልኮት ከዙሪያው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሙሉት፤ ሲደርቅ ይኮማተራልና። ተራ ጄልኮት አየር እየነካው ላዩ ተጣባቂ ሆኖ ስለሚቀር በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍኑት። በማግስቱ ጠንካራ የእንጨት ቁራጭ ላይ የተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውሃ እያራሳችሁ ከ600 ጀምራችሁ በ800፣ በ1000፣ በ1500 እስከ 2000 ሂዱ። አንዱን ቁጥር የዘለለ ሰው ከቀደመው ሻካራ ወረቀት የቀረውን ጭረት በማሽን ሲያብለጨልጭ ያገኘዋል። ከዚያ ኮምፓውንድ፣ ማለትም ሻከር ያለው የማለስለሻ ቅባት፣ ከዚያ ፖሊሽ። ሰም የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ ለመደበቅ ሳይሆን ከፀሐይ ለመከላከል።

«ፋይበርግላስ ውሃ አይገባውም፤ ከታች ያለው ጭረት ይቆይ»

ጭረቱ ጄልኮቱን አልፎ ነጩን የመስታወት ክር ካሳየ ውሃው በክሩ ተከትሎ ይገባል፤ ውሃ ላይ ታስሮ በሚያድር ጀልባ ላይ ደግሞ ሽፋኑ ሊያብጥ ይችላል። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ውስጥ እንጨት አለ፤ እሱ ከረጠበ ይበሰብሳል። እንዲህ ያለ ጭረት ያየ ሰው ጀልባውን ከውሃ ያውጣ፤ በደንብ ሳያደርቅ ጭረቱን እንዳይዘጋው።