«መደመር ይችላል፤ መቀነስ ግን አይገባውም»

የወላጆች ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይህን አቤቱታ እሰማለሁ። «መምህር፣ ልጄ መደመር ላይ ጎበዝ ነው፤ መቀነስ ላይ ግን ይደናበራል።» ሃያ ዓመት ያህል አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር፣ መደመር በትክክል ገብቶት መቀነስ ያቃተው ልጅ አላጋጠመኝም። በየዓመቱ የሚያጋጥመኝ ድምር የሸመደደ ልጅ ነው። «ሦስትና አምስት? ስምንት!» ብሎ ሳይተነፍስ ይመልሳል። ስምንት በሆዱ ሦስትና አምስትን እንደያዘ ግን አያውቅም።

እንዲህ ያለ ወላጅ ሲመጣብኝ ክርክር አልገጥምም። ስምንት ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ እደረድርና ልጁ እንዲቆጥራቸው አደርጋለሁ። ከዚያ ሦስቱን በመዳፌ ሸፍኜ «ስንት ደበቅሁ?» እለዋለሁ። የገባው ልጅ አምስቱን አይቶ ወዲያው «ሦስት» ይላል። የሸመደደው ደግሞ እጄን ለማንሳት ይታገላል። ሁለተኛው ልጅ የመቀነስ ችግር የለበትም። መደመሩ ራሱ ገና ነው።

«መጀመሪያ መደመርን ይጨርስ፤ መቀነስ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» የሚሉ አሉ፤ አስተማሪዎችም ጭምር። በር መክፈትን መስከረም ላይ አስተምሮ መዝጋትን ለጥር ማቆየት ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ እፍኝ ጠጠር ይጀመራሉ።

«በጣቱ እንዳይቆጥር እጁን እመታዋለሁ» የሚል ወላጅም አለ። አይምቱት። ሰባት ጣት ያጠፈ ልጅ ሦስቱ ቆመው ያያቸዋል፤ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ በነጻ አይገኝም።

«ሲደመር ይበዛል፣ ሲቀነስ ያንሳል» የሚሉም አሉ። ዜሮን ደምራችሁ እዩት።

አሁን እንቅልፍ ወደሚነሳኝ ልሂድ፤ «መቀነስ ማለት መውሰድ ነው» ወደሚለው። ዛፍ ላይ ስምንት ወፎች ነበሩ፣ ሦስቱ በረሩ። አምስት ሙዝ ነበረ፣ ሁለቱ ተበላ። ዓመቱን ሙሉ ወፍ ስናበርና ሙዝ ስንበላ እንከርማለን። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲሁ ነበርኩ፤ በዚያ ዘመን ያስተማርኳቸው ልጆች ይቅር ይበሉኝ። ነገሩ ውሸት ነው አልልም፤ ግማሽ ነው። ግማሹን ብቻ የተማረ ልጅ ደግሞ ሌላው ግማሽ ሲመጣበት ግራ ይጋባል። «እህት 12 እርሳስ አላት፣ ወንድሟ 7 አለው። በስንት ትበልጠዋለች?» ብላችሁ ጠይቁት። እዚህ ላይ ማንም ምንም አልወሰደም፣ የበረረም ወፍ የለም። ስለዚህ 12ንና 7ን ይደምርና 19 ይላችኋል። «ትበልጠዋለች» ሲባል መብዛት መስሎት ነው።

ዓይኔን የከፈተልኝ አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። እናቱ ጉሊት ትቸረችራለች፤ እሱም ከትምህርት መልስ አጠገቧ ይቀመጣል። በደብተሩ ላይ 50 − 37 = 27 ብሎ ጽፎ በቀይ እስክሪብቶ አርሜዋለሁ። ከዜሮ ላይ 7 ስለማይነሳ ገልብጦ 7 ጻፈ፣ ከ5 ላይ 3 ሲነሳ 2፤ በቃ። በዚያው ሳምንት ሽንኩርትና ቲማቲም ከእናቱ ገዛሁና ሂሳቡ 37 ብር መጣ። 50 ብር ሰጠሁት። ልጁ ሦስት የአንድ ብር ሳንቲሞች በመዳፌ ላይ እየጣለ «ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ» አለ፤ የአሥር ብር ኖት ጨመረና «ሃምሳ!» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ። 13 ብር፣ ያለ አንዳች ስህተት። በማግስቱ ደብተሩን ገልጬ «27 ብር መልስ ብትሰጠኝ ኖሮስ?» ስለው ሳቀ። «እናቴማ ታባርረኛለች!» አለኝ። ጉሊት ላይ የሠራውና ደብተሩ ላይ ያለው አንድ ጥያቄ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በደንብ ያስተዋልኩት ያን ቀን ነው።

ይህ የእኔ ክፍል ጉድ ብቻ አይደለም። በብራዚል ሬሲፌ ከተማ በየገበያው ከሚነግዱ አምስት ልጆች ጋር የተደረገና በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ ሲሸጡ የተጠየቁትን ሂሳብ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል ሠሩ፤ ያንኑ ስሌት ያለ ገበያና ያለ ታሪክ፣ በባዶ ቁጥር ሲጠየቁ ግን ውጤታቸው ከመቶ ወደ 37 ወረደ።

ተማሪዬ የቀነሰው በመደመር ነው። 37 ላይ ስንት ቢጨመር 50 ይሞላል? ጎደሎውን ሞላው፣ የሞላበት ደግሞ መልሱ ሆነ። በእኛ ቋንቋ የጥያቄውም መልስ፣ ባለሱቁ የሚመልስልንም ገንዘብ ያው «መልስ» መባሉ ለአስተማሪ የተሰጠ ስጦታ ነው፤ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ «ስንት ቀረ?» ከማለቴ በፊት «ስንት ጎደለ?» እላለሁ። 402 − 398 ስጧቸውና ልዩነቱን እዩ። መውሰድ ብቻ የተማረው ዜሮዋን ይሰርዛል፣ ከመቶ ቤት ይበደራል፣ የተበደረውን ይረሳል፣ ገጹን ያጠቁራል። ጎደሎ መሙላት የለመደው 398 ላይ ቆሞ አራት እርምጃ ይራመዳል። 402 − 3 ከሆነ ግን መውሰዱ ይቀላል። መቼ የትኛው እንደሚሻል የሚለየው ሁለቱን የያዘ ልጅ ነው።

ከዚህ ጋር የተጣበቀ ሌላ ጉድ አለ፤ «ቃሉን አይቶ ይለየዋል» የሚሉት። «ጨመረ» ካለ ደምር፣ «ጠፋ» ወይም «ቀረ» ካለ ቀንስ። አስጠኚዎች ይህን በዝርዝር ጽፈው ያስሸመድዳሉ፤ ያናድደኛል። እስቲ ይህን ሞክሩ፦ «አንዲት ልጅ 5 ብር ጠፋባትና 9 ብር ቀራት። መጀመሪያ ስንት ነበራት?» «ጠፋ»ም «ቀረ»ም አሉበት፤ መልሱ ግን 14 ነው፣ በመደመር። ዝርዝር የሸመደደው ልጅ 4 ብሎ እጁን ያወጣል። አምስት ብር የጠፋባት ልጅ መጀመሪያ የነበራት ከቀራት ያነሰ መሆኑ ቅንጣት አይከነክነውም።

«የእኩል ምልክት መልሱ እዚህ ይጻፍ ማለት ነው።» ልጆች ይህን አፍ አውጥተው አይናገሩትም፤ ግን ያምኑታል። 8 + 4 = □ + 5 ስጧቸው፤ ሣጥኑ ውስጥ 12 ይጽፋሉ። በ1557 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሬኮርድ የተባለ የዌልስ ሰው ለዚህ ምልክት ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ ይበልጥ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነበር። ምልክቱ ሚዛን ነው፤ በግራ ያለው በቀኝ ካለው ጋር ይተካከላል። ይህ ያልገባው ልጅ 8 + □ = 13 ላይ 21 ቢጽፍ አትደነቁ። 8 = 13 − 5 ብላችሁ ስትጽፉለት ደግሞ «ተገልብጧል» ብሎ ያርማችኋል።

«አራቱን መስመር ጽፏል፣ ስለዚህ ገብቶታል» የሚሉት ደግሞ ትጉሃን መምህራን ናቸው። 3 + 5 = 8፣ 5 + 3 = 8፣ 8 − 3 = 5፣ 8 − 5 = 3። ጥሩ ልምምድ ነው፤ ግን ልጆች ብልጥ ናቸው፣ ቁጥሮቹን የት የት እንደሚያስቀምጡ ብቻ ያጠናሉ። አንድ ጊዜ ሆን ብዬ 3፣ 5 እና 9ን ሰጠኋቸው። ከአርባ በላይ ልጆች 3 + 5 = 9 ብለው በሚያምር ጽሕፈት ሞሉልኝ። «አይሆንም» ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም በጣቷ የምትቆጥረው ናት።

52 − 27 ሲሠራ 35 ካለ አትቆጡት፤ «27 ጨምርበት» በሉት። 62 ሲመጣበት የጀመረው 52 ስለሆነ ራሱ ይደነግጣል። ከእኔ ቀይ እስክሪብቶ ይልቅ ያቺ ድንጋጤ ታስተምረዋለች።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሰዓት አለ። 2 ሰዓት ከ50 ሲሆን «ሁለት ከሃምሳ» ማለትም፣ «ለሦስት አሥር ጉዳይ» ማለትም ትክክል ነው፤ አንዱ ያለፈውን፣ ሌላው የጎደለውን ይናገራል። አንዱን ሲላችሁ ሌላውን ጠይቁት። ከፍ ያለው ልጅ የልደቱን ዓመት ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይቀይር፤ እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ይደምራል፣ ሲመልሰው ያንኑ ይቀንሳል። ሱቅ ስትልኩትም መልሱ ስንት እንደሚሆን ከመሄዱ በፊት ይንገራችሁ። ለትንሹ ባቄላ ይበቃዋል። አሥር ፍሬ ቆጥራችሁ ከፊሉን በጣሳ ክደኑ፣ የተደበቀው ስንት እንደሆነ ይናገር፤ ከዚያ እሱ ይክደንና እናንተ መልሱ። አንዳንዴ አውቃችሁ ተሳሳቱ፤ ማረም ይወዳሉ። አሥሩን ሳያመነታ እስኪመልስ ድረስ አሥራ አንደኛውን ፍሬ አትጨምሩ።