«ከአቅም በላይ» ምንድን ነው?

ሶፋ ያሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። «ለፋሲካ ይደርሳል» ተባልኩና ቀብድ ከፈልኩ። ፋሲካ አለፈ። ስደውል አናጺው «ጋሼ፣ ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው። መብራት የለም፣ ስፖንጅ ተወዷል፣ አንዱ ልጅ ደግሞ ሥራውን ጥሎብኝ ሄደ» አለኝ።

አዘንኩለት። ግን እነዚህ ሦስት ምክንያቶች ፍርድ ቤት ቢቀርቡ አንዱም የሚያድነው አይመስለኝም።

በአፋችን «ከአቅም በላይ» የማንለው ነገር የለም። ታክሲ ስናጣም፣ ብር ሲያጥረንም፣ ስንሰንፍም እንለዋለን። በሕግ ግን ቃሉ በጣም ጠባብ ነው። ጠበቆች ከፈረንሳይኛው «ፎርስ ማዦር» ይሉታል። በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥ ዋናው ነገር ያለው ከአንቀጽ 1791 እስከ 1794 ነው።

መነሻው ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ውሉን ያልፈጸመ ሰው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ካሳ ይከፍላል። «እኔ አላጠፋሁም» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። መውጫው አንድ በር ነው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ከለከለኝ ብሎ ማስረዳት። የማስረዳቱም ሸክም በራሱ ላይ ነው።

በዚያ በር ለማለፍ ሁለት ነገር ይፈለጋል። የመጣው ነገር በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ የማይታሰብ መሆን አለበት። ደግሞም ሥራውን ጨርሶ የሚከለክል መሆን አለበት። «ከባድ ሆነብኝ» አይበቃም፤ «አልቻልኩም፣ ማንም በእኔ ቦታ ቢሆን አይችልም» መሆን አለበት።

አሁን ወደ አናጺው እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ መብራት እንደሚጠፋ ያላሰበ አናጺ ካለ ያሳዩኝ። የልጁ መሄድም ቢሆን ሌላ ሰው በመቅጠር የሚፈታ ነገር ነው። የስፖንጁን ነገር ደግሞ ሕጉ ራሱ በግልጽ ዘግቶታል። ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣትና መውረድ ከአቅም በላይ አይባልም።

ታዲያ ምን ይባላል? የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መብረቅ፣ ጎርፍ። ጦርነት። የባለዕዳው፣ ማለትም ግዴታውን መፈጸም ያለበት ተዋዋይ፣ ሞት ወይም ያልታሰበ ከባድ ሕመም። ባለዕዳው ኃላፊ ያልሆነበት የሌላ ሰው ያልታሰበ ድርጊት። እና የመንግሥት ክልከላ።

ይህን የመጨረሻውን 2012 ዓ.ም. ላይ ሁላችንም አየነው። አንዲት የቅርብ ዘመዴ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 18 ቀን፣ ለሠርግ አዳራሽ ተከራይታ ነበር። ገንዘቡ ወራት ቀደም ብሎ ተከፍሏል፣ ጥሪ ካርድ ታትሟል። በኮሮና ምክንያት መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሰው ሰብስቦ መደገስ ተከለከለ። ባለ አዳራሹ «መንግሥት ነው የከለከለኝ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለ። ልክ ነው። ከወራት በፊት ይህን ማን ያስበው ነበር? ስለዚህ ለተበላሸው ሠርግ ካሳ አይከፍልም።

ቀጥሎ ግን «ገንዘቡም አይመለስም» አለ። እዚህ ላይ ተሳስቷል። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ከካሳ ነፃ ያወጣል እንጂ ያልሠሩበትን ገንዘብ አያስቀርም። ውሉ ሲፈርስ ሁለቱም ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ ተቀብሎ የነበረ ይመልሳል። እነሱ በሽማግሌ ተነጋግረው ቀኑን አዛወሩት፣ ነገሩ በዚያው አለቀ። ደግሞ አዋጁ ከወጣ በኋላ ለሚያዝያ አዳራሽ ያከራየ ሰው ቢኖር «አላሰብኩትም» ማለት አይችልም። እያየ ነዋ የተዋዋለው።

ክልከላና ማክበድ እንዳይምታቱ የመኪናን ነገር እንውሰድ። የቤንዚን መኪና አስመጥቼ አስረክባለሁ ብሎ የተዋዋለ አስመጪ፣ በ2016 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ሲከለክል ጥሩ መከራከሪያ ነበረው። በ2012 የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ሲወጣና ያገለገለ መኪና ቀረጥ ጣሪያ ሲነካ ግን ያው አስመጪ ይህ ክርክር አይኖረውም። ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ ከአቅም በላይ አይደለም ይላልና ሕጉ።

ብዙ ሰው ያንገበገበው ግን የዶላሩ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሊፍት ከውጭ አስመጥቶ ለመግጠም በብር ቁርጥ ዋጋ የተዋዋለ ሰው ምን ይሁን? ሕጉ ጨካኝ ነው። ሁኔታው ተለውጦ ግዴታው ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል። ዳኛውም ሕግ ካልፈቀደለት በቀር ለርትዕ (ለፍትሐዊነት) ብሎ ዋጋውን አያስተካክልለትም። ከመንግሥት ጋር የሚደረግ የአስተዳደር ውል የራሱ ደንብ አለው፤ ግለሰቦች ግን ያው በውላቸው ናቸው። እኔ እንኳ ለዳኛ ትንሽ ክፍተት ቢተውለት ደስ ይለኝ ነበር። ቢሆንም ይገባኛል፤ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ውል የሚፈርስ ከሆነ እዚህ አገር ማን ውል ይፈርማል?

መፍትሔው ውሉ ላይ ነው። ተዋዋዮች «ዶላር ከዚህ ካለፈ ዋጋው እንዲህ ይስተካከላል» ብለው መጻፍ ይችላሉ። ከፈለጉም የአቅም በላይን ዝርዝር ማስፋት ይችላሉ። «ምንም ይምጣ ምን ኃላፊ ነኝ» ብሎ መፈረምም ይቻላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ስለዚህ የሰው ውል ገልብጠው ከመፈረምዎ በፊት ያችን የ«ከአቅም በላይ» አንቀጽ ያንብቧት። ችግር ሲገጥምም ቶሎ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ማስረጃ ይያዙ።

ሶፋው በመጨረሻ ለጰራቅሊጦስ ደረሰ። ሁለት ትራስ ጎድሎታል። ለእሱም «ከአቅሜ በላይ ሆኖብኝ ነው» ተብያለሁ።