ስሙ ያሳሳተን ኮከብ፦ ስለ ፐልሳር የሚባለውና እውነታው

«ፐልሳር ብልጭ ድርግም የሚል ኮከብ ነው።»
ጥፋቱ የስሙ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ የሳይንስ ዘጋቢ ያወጣለት ስም «ትር ትር የሚል ኮከብ» እንደማለት ነው። ፐልሳር ግን ኒውትሮን ኮከብ የሚባል፣ ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ የሚተርፍ እጅግ የታጨቀ እምብርት ነው፤ ይሽከረከራል እንጂ በራ ጠፋ አይልም። የአምቡላንስ ጣራ ላይ የሚዞረውን መብራት አስቡት፤ አምፖሉ ሳያቋርጥ ቢበራም ወደ እኛ በዞረ ቁጥር ብልጭ ያለ ይመስለናል። ከፐልሳር መግነጢሳዊ ዋልታዎች የሚወጣው የራዲዮ ጨረርም እንዲሁ በየዙሩ ምድርን ጠረግ አድርጎ ያልፋል። ጨረሩ እኛን ከሳተን ያው ኒውትሮን ኮከብ ፐልሳር ሆኖ አይታየንም።

«ሲገኝ ሳይንቲስቶቹ የሌላ ዓለም ፍጡራን መልእክት ነው ብለው አምነው ነበር።»
ይህን ወሬ ከሁሉ አብልጬ እጠላዋለሁ፤ ትዕግሥት የጠየቀውን ሥራ ተረት ያደርገዋል። በ1967 በካምብሪጅ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ጆሲሊን ቤል፣ የራዲዮ ቴሌስኮፑ በየቀኑ የሚያወጣውን 30 ሜትር ያህል ወረቀት በዓይኗ ትመረምር ነበር። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ ከአንድ ሳንቲሜትር ያነሰች፣ የተዝረከረከች ምልክት አየች። ምልክቷ የምትመጣው በእኛ ሰዓት ሳይሆን በከዋክብት ሰዓት፣ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመች ነው፤ እንግዲህ የመኪና ወይም የፋብሪካ ረብሻ ልትሆን አትችልም። ወረቀቱን በፍጥነት አስሩጠው ሲመዘግቡት በየ1.33 ሰከንዱ የሚመጣ ትርታ ሆኖ ተገኘ።

«ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ያኔ ነው፤ ከቀልድ ብዙም አያልፍም። ቢሆንም ፈተኑት፦ ላኪዎቹ ፕላኔት ላይ ቢሆኑ፣ ፕላኔቷ ፀሐይዋን ስትዞር የትርታው ልዩነት ሰፋ ጠበብ ማለት ነበረበት፤ አላለም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቤል ከሌላ የሰማይ ማዕዘን ሁለተኛ ትርታ አገኘች፤ የአረንጓዴዎቹም ነገር በዚያው አበቃ። የ1974ቱ የኖቤል ሽልማት ለአማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽና ለራዲዮ ሥነ ፈለክ ተመራማሪው ማርቲን ራይል ሲሰጥ እሷ ተዘለለች። እሷ ባታማርርም እኔ ትክክል ነው አልልም።

«ኒውትሮን ኮከብ የተሠራው ከኒውትሮን ብቻ ነው።»
አይደለም። ቅርፊቱ የአቶም ኒውክለሶችና ኤሌክትሮኖች ነው፤ ውስጡም ጥቂት ፕሮቶኖች አሉ። ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ያህል ክብደት ያለው ነገር ከአዲስ አበባ እስከ ሰበታ የሚደርስ ስፋት ባላት ሉል ውስጥ ታጭቋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉው ቢሊዮኖች ቶን ይመዝናል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን ማንኪያውን ይዞ መውጣት አይቻልም። አጭቆ የያዘው ስበት ሲለቀው ይፈነዳል።

«ፀሐያችንም አንድ ቀን ፐልሳር ትሆናለች።»
ቢያንስ ስምንት እጥፍ ያህል መክበድ ነበረባት። ፍጻሜዋ ነጭ ድንክ፣ ማለትም ነዳጁን ጨርሶ ቀስ በቀስ የሚቀዘቅዝ ትንሽ የኮከብ ቅሪት፣ መሆን ነው።

«ፐልሳር የማይዛነፍ ሰዓት ነው።»
አንዳንዱ እጅግ ትክክለኛ ነው፤ ግን ሁሉም ጉልበቱን በጨረርና በቅንጣት እየበተነ ቀስ በቀስ ይዘገያል። ቻይናውያን በ1054 ፍንዳታውን ያዩት ኮከብ ቅሪት፣ የክራብ ፐልሳር፣ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የአንድ ዙሩ ጊዜ በየቀኑ 36 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ይረዝማል። ቬላ የተባለው ደግሞ ጭራሽ ሰዓት ሰሪን ያሳብዳል፦ ሲዘገይ ይቆይና በአማካይ በየሦስት ዓመቱ ድንገት ፈጠን ይላል፣ ከዚያ ወደ መዘግየቱ ይመለሳል።