ስትሪንግ ኳርቴት ምንድን ነው? ፈረንሳዮቹስ ምን ጨመሩበት?

ስትሪንግ ኳርቴት ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ተለቅ፣ ድምፁም ወፈር ያለ) እና አንድ ቼሎ (ከሁሉም ትልቁና ወፍራም ድምፅ ያለው) የሚጫወቱ አራት ሰዎች የሚገኙበት ቡድን ነው። ለዚሁ ቡድን የሚጻፈው ድርሰትም በዚያው ስም ይጠራል። ፊታቸው ቆሞ በዱላ የሚመራቸው ሰው የለም፤ አብረው የሚነሡትም የሚያርፉትም እየተያዩና ትንፋሽ እየተሰማሙ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ኦስትሪያዊው ሃይደን መልክ ካስያዘው ወዲህ ደራሲው ችሎታውን የሚፈትንበት የሙዚቃ ዓይነት ሆኗል። የደከመ ሐሳብን የሚሸፍን ከበሮም ጥሩምባም የለበትማ።

በሃይደንና በቤትሆቨን ዘንድ ኳርቴት ክርክር ይመስላል፤ ዜማው ይቀርባል፣ ይበተናል፣ ይሞገታል። ፈረንሳዊው ክሎድ ደቡሲ በ31 ዓመቱ ያቀረበው ኳርቴት ግን ሌላ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1893 የኢዛዪ ኳርቴት ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወተው ይህ ሥራ ሲከፈት የሚሰማው አጭር ዜማ በኋላም መልኩን እየለወጠ ይመለሳል። ሁለተኛውን ክፍል ልብ ብላችሁ ስሙ፦ ቪዮላው ያችኑ ዜማ አሳጥሮ በደጋን ሳያቋርጥ ሲደጋግማት፣ ሌሎቹ ክሩን በጣት እየነጠቁ ዙሪያዋን ይረጫሉ። ይህ በጣት መንጠቅ ፒዚካቶ ይባላል። ደቡሲ በ1889 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ከኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት የመጣውን፣ በአብዛኛው በሚመቱ የብረት መሣሪያዎች የሚቀርበውን የጋምላን ሙዚቃ ሰምቶ ተደንቆ ነበርና፣ ብዙዎች የዚያን ድምፅ እዚህ ያገኙታል።

ሌላው ፈረንሳዊ ሞሪስ ራቬል ለመምህሩ ለደራሲው ፎሬ ያበረከተው ኳርቴት በማርች 1904 ቀረበ። የእሱም ሁለተኛ ክፍል በፒዚካቶ ይጀምራል፤ ስድስቱ ምት አንዴ ለሁለት፣ አንዴ ለሦስት እየተከፈለ ይጋጫል። ችክችካ የለመደ ጆሮ እዚህ ጋ ባዳ አይሆንም።

ሁለቱን ደራሲዎች «ኢምፕረሽኒስት» ማለት ተለምዷል። ስሙ የመጣው ከሥዕል ነው፤ በ1874 አንድ የፓሪስ ሐያሲ ከሞኔ ሥዕል ርዕስ ወስዶ ሠዓሊዎቹን ሊያጣጥልበት ተጠቀመበት። ደቡሲ በዚህ ስም መጠራትን አልወደደም፤ እውነቱን ነው እላለሁ። ስሙ ጭጋግና ድብዝዝነትን ያስጠብቃል፤ በእነዚህ ኳርቴቶች ውስጥ ግን ሁሉም ነገር የተለካ ነው። ድምፁ የሚለዋወጠው በእጅ ሥራ ነው። ደጋኑ ወደ ጣት መርገጫው ሲጠጋ ድምፁ ይለሰልሳል፣ ክሮቹን ወደ ደገፈው ድልድይ ሲጠጋ ይሻክራል፤ በዝግተኛው ሦስተኛ ክፍል ደግሞ ድልድዩ ላይ ትንሽ ማፈኛ ይሰካና ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስላል። ከዚያ በፊት እነዚህ ብልሃቶች ጌጥ ነበሩ፤ እዚህ የድርሰቱ አካል ሆኑ።

የዘመናችን ደራሲዎች የያዙት ይህንን ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ዱቲዬ በ1976 የጨረሰው «እንዲህ ሌሊቱ» የተሰኘው ኳርቴት ሰባት ክፍሎች ሲኖሩት፣ በመካከላቸው «ቅንፍ» ብሎ የሰየማቸው አጫጭር መሸጋገሪያዎች አሉ። በእነዚህ ቅንፎች ውስጥ ገና ያልደረስንበት ሐሳብ ብልጭ ይላል፣ ያለፈውም ይታወሳል፤ ስለዚህ አድማጩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዲያስብ ይገደዳል። በአንድ ምሽት ከደቡሲ ወይም ከራቬል ጋር ተከታትሎ ሲቀርብ ዝምድናቸው ጎልቶ ስለሚሰማ፣ ዘመናዊ ሙዚቃ ይከብደኛል ለሚል ሰው በዚህ ቅደም ተከተል እንዲያዳምጥ እመክራለሁ።