የሮማንቲክ ዘመን ቻምበር ሙዚቃ ምንድን ነው? በዓይንስ ይታያል?

ክላሲካል ሙዚቃ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ትልቅ ኦርኬስትራ ነው፤ መድረክ የሞላ ሰው፣ ፊት ለፊት ደግሞ በትር የያዘ መሪ። ቻምበር ሙዚቃ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሲበዛ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ይጫወተዋል። መሪ የለም። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ክፍል አለው፤ ያንኑ ክፍል ከጎኑ ሆኖ የሚያግዘው ሰው የለም። ስለዚህ ቢያመነታ ይሰማል፣ ቢደፍር ይሰማል፣ ከመጀመሩ በፊት ትንፋሹን ሲስብ እንኳ ይሰማል። ድሮ የሚጫወቱት በመኳንንት እልፍኝና በሰው ሳሎን ስለነበር አድማጩም በጣም ቅርብ ነበር።

የሮማንቲክ ዘመን የምንለው በግምት 19ኛውን ክፍለ ዘመን ነው። ሹበርት፣ ሜንደልሶን፣ ሹማን፣ ብራምስ፣ ስሜታና፣ ድቮርዣክ የዚህ ዘመን የሙዚቃ ደራሲዎች ናቸው። ሜንደልሶን ለስምንት የክር መሣሪያዎች የጻፈውን ኦክቴት በ1825 ሲጨርስ ገና 16 ዓመቱ ነበር (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሹማን ደግሞ በ1842 ብቻ ሦስት የክር ኳርቴት፣ አንድ የፒያኖ ኩዊንቴትና አንድ የፒያኖ ኳርቴት ጽፏል (ኳርቴት ለአራት፣ ኩዊንቴት ለአምስት ተጫዋች የሚጻፍ ሙዚቃ ነው)።

ሰው የዚህን ሙዚቃ ውበት ሲያስረዳ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዜማው ነው የሚያወራው። ዜማው ያምራል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ስሜቱ ያለው ከዜማው ይልቅ በተጫዋቾቹ መካከል ባለው ነገር ውስጥ ነው እላለሁ። ማን ዝም አለ? ማን ከማን ጋር ወገነ? ማን ብቻውን ቀረ? ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ በ1829 ለወዳጁ ለዜልተር ሲጽፍ ኳርቴት መስማትን አራት አስተዋይ ሰዎች ሲጨዋወቱ ከመስማት ጋር አመሳስሎታል። ችግሩ፣ ጆሮ ሳይለምድ አራት ወይም አምስት ድምፅ አንድ ላይ ሲመጣበት ሁሉንም አንድ ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል። ሥዕል የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

ሥዕል ስል ኖታ ማንበብ ማለቴ አይደለም። አሜሪካዊው ስቲቨን ማሊኖውስኪ ለብዙ ዓመታት የሠራበትና ዩቲዩብ ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ አለ። ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቀጭን ድምፅ ወደ ላይ፣ ወፍራሙ ወደ ታች ይሆናል። እያንዳንዱ ኖታ አንድ ሰረዝ ነው፤ ረጅም ድምፅ ረጅም ሰረዝ፣ አጭር ድምፅ አጭር ሰረዝ። ለየመሣሪያው የተለየ ቀለም መስጠት ይቻላል፤ ድምፁ ሲመጣ ሰረዙ ይበራል። በቃ፣ ሙዚቃ ተምሮ የማያውቅ ሰው በደቂቃ ውስጥ ይገባዋል።

እስቲ በአንድ ሥራ እንየው። ሹበርት በ1828 መጸው ቪየና ውስጥ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለአንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ያለና ድምፁ ወፈር ያለ) እና ለሁለት ቼሎ (ከሁለቱም የሚተልቅና ድምፁ ይበልጥ ወፍራም የሆነ) ኩዊንቴት ጻፈ። በኅዳር ወር ሞተ፤ 31 ዓመቱ ነበር። ሙዚቃው በሕዝብ ፊት የተጫወተው በ1850 ነው፣ የታተመው ደግሞ በ1853። በዚያ ሥራ ውስጥ ሁለተኛው ክፍል፣ አዳጂዮ የሚባለው ዝግተኛው ክፍል፣ እኔ ከማውቀው ሙዚቃ ሁሉ ልቤን የሚነካው ነው።

አጀማመሩን በሰረዝ ብትስሉት መሃል ላይ ሦስት ቀለም ታያላችሁ፤ ሁለተኛው ቫዮሊን፣ ቪዮላውና የመጀመሪያው ቼሎ። ሰረዞቻቸው ረጃጅም ናቸው፤ የሚንቀሳቀሱ እስከማይመስሉ ድረስ በዝግታ አብረው ይሄዳሉ። ከላይ የመጀመሪያው ቫዮሊን ቁርጥራጭ ነገር ጣል ያደርጋል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጣል ያደርጋል። ከታች ሁለተኛው ቼሎ በደጋን ሳይሆን በጣቱ ክሩን ቆንጠር ያደርጋል፤ ሥዕሉ ላይ የተራራቁ ነጠብጣቦች ሆነው ይታያሉ። በመካከላቸው ብዙ ባዶ ቦታ አለ። ያ ባዶ ቦታ ነው ስትሰሙት ደረታችሁን የሚከብዳችሁ፤ በጆሮ ብቻ ግን ክብደቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል።

ከዚያ ሳይታሰብ ይፈነዳል። ኢ ሜጀር ከሚባለው ብሩህ ቅኝት ወደ ጨለማው ኤፍ ማይነር ይገባል። አሁን መሃሉ እርጋታ የለውም። የመጀመሪያው ቫዮሊንና የመጀመሪያው ቼሎ አንድ ዜማ ይዘው አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይጮኻሉ፤ ሁለተኛው ቫዮሊንና ቪዮላው ከምቱ እየሸሹ ይገፋፋሉ፤ ታች ያለው ቼሎ ዕረፍት ያጣል። ሥዕሉ ላይ ባዶ የነበረው ሁሉ ይሞላል።

ቀጥሎ የሚሆነውን ነው በጣም የምወደው። የመጀመሪያው ዝግተኛ ዜማ ይመለሳል፣ እነዚያው ሦስቱ መሃል ላይ እንደ በፊቱ ይይዙታል፤ ግን ከላይ ያለው ቫዮሊንና ከታች ያለው ቼሎ ወደ ቀድሞው ዝምታቸው አልተመለሱም። ቼሎው ደቃቅ ኖታዎችን እያከታተለ ይሮጣል፣ ቫዮሊኑም ከላይ እየተጠማዘዘ ይከተለዋል። ዜማው ያው ነው፤ ዙሪያው ግን ያለፈውን አልረሳም። መጨረሻው ላይ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው፣ ያ ኤፍ ማይነር ለአፍታ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሳታዩት በጆሮ ብቻ ሰምታችሁት ከሆነ ይህ ሁሉ «ያሳዝናል ግን ያምራል» ሆኖ ያልፋል። ካያችሁት በኋላ ለምን እንደሚያሳዝን ታውቃላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜም ያለ ሥዕል ትሰሙታላችሁ።

ብዙ ሰው ሙዚቃን በዓይነ ሕሊና ማየት ሲባል ዝናብ፣ ጫካ፣ ተለይቶ የሄደ ፍቅረኛ ማሰብ ይመስለዋል። ክልክል አይደለም፣ እኔም አስባለሁ። ነገር ግን አብዛኛው የዚህ ዘመን ቻምበር ሙዚቃ ታሪክ አልተጻፈበትም፤ የራሳችሁን ፊልም ካስቀደማችሁ ሙዚቃው የፊልሙ ማጀቢያ ይሆንና ቪዮላው ምን እንዳደረገ ሳትሰሙት ያልፋችኋል። ታሪክ ያለበት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። የቼኩ ስሜታና በ1874 ጆሮው ደነቆረ። በ1876 «ከሕይወቴ» የሚል ኳርቴት ጻፈ። የመጨረሻው ክፍል ደስታ ነው፣ ጭፈራ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ቀጥ ይልና የመጀመሪያው ቫዮሊን «ኢ» የሚባለውን ኖታ በጣም ቀጭን አድርጎ ይዞ ይቆያል፣ ከሥር ሌሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። ያ ድምፅ ጆሮው ላይ ይጮህበት የነበረው ነው፤ ራሱ ስሜታና ነው የተናገረው። በሰረዝ ሲሳል ከሁሉም በላይ፣ ከሁሉም ርቆ፣ አንድ ረጅም መስመር።

ሥዕሉ የማያሳየውም አለ። ሁለት ቡድኖች ያንኑ ኖታ ተጫውተው አንዱ ያስለቅሳችኋል፣ ሌላው ምንም አይላችሁም፤ ሰረዙ ግን አንድ ነው። ደጋኑ ክሩ ላይ ምን ያህል እንደከበደ፣ ተጫዋቹ ከሚቀጥለው ኖታ በፊት ስንት ቅጽበት እንደጠበቀ ሰረዝ አይነግራችሁም። ለዚህ ሲጫወቱ የተቀረጸ ቪዲዮ ፈልጉና ዓይናቸውን ተመልከቱ። መሪ ስለሌላቸው እርስ በርስ ነው የሚተያዩት።

ራሳችሁ መሞከር ከፈለጋችሁ ወረቀትና ጥቂት ባለቀለም እርሳስ ይበቃል። ከሹበርቱ አዳጂዮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ውሰዱ፤ መጀመሪያ ታች ያለውን ቼሎ ብቻ፣ ሲደገም ላይ ያለውን ቫዮሊን ብቻ ሳሉ። ማማር የለበትም። እሱ ሲለመድ ወደ ብራምስ የክላርኔት ኩዊንቴት እለፉ። ብራምስ መጻፍ አቆማለሁ ብሎ ወስኖ ሳለ ሪቻርድ ሙልፌልድ የተባለውን ክላርኔት ተጫዋች ሰማና በ1891 ጻፈው። እዚያ ክላርኔቱ ከአራቱ የክር መሣሪያዎች በላይ የሚወጣበትን፣ መሃላቸው ገብቶ የሚደበቅበትንና ከሥራቸው የሚወርድበትን ቦታ በአንድ ቀለም ብቻ ተከተሉት።