ቫሊዩ አናሊሲስ ወጪ መቁረጥ አይደለም፦ ስለ ዲዛይን ውሳኔ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጎጃም ውስጥ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የእህል መጋዘን ወይም የውሃ ፕሮጀክት ሲታሰብ ገንዘቡ ሁሌም ጠባብ ነው። ብዙ ጊዜ ከፊሉ ከገበሬው ኪስ የተዋጣ ነው። ስለዚህ «በዚህ ብር ምን ብንሠራ፣ እንዴት ብንሠራው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የምር ጥያቄ ነው። ቫሊዩ አናሊሲስ ይህን ጥያቄ በሥርዓት የመመለሻ ዘዴ ነው። በግንባታው ዓለም ቫሊዩ ኢንጂነሪንግም ይሉታል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ነገር የሚሰጠውን አገልግሎት ከሚያስወጣው ወጪ ጋር ማመዛዘን። ስሙ በተነሳ ቁጥር ግን የሚባለው ነገር አብዛኛው ስህተት ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ግድግዳ ያሰነጥቃል፣ ቧንቧ ያደርቃል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ያው ወጪ መቀነስ ነው፣ ስሙን አሳምረውት ነው እንጂ»

አይደለም። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ወጪ የሚቀንስ ሰው የሥራ ዝርዝሩን ይዘረጋና «የቱን እናውጣ?» ይላል። ቫሊዩ አናሊሲስ ግን «ይሄ ነገር ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ዋልካ መሬት ላይ የሚሠራ የአራት ክፍል ትምህርት ቤት እንውሰድ። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በላዩ ያረፈው ግድግዳም በየዓመቱ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ታዲያ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው ምንድን ነው? በሕንፃው ዙሪያ የሚሄደው የጎርፍ ቦይ። ከግድግዳው ሥር የሚነጠፈው ሲሚንቶ። ዋልካው ተቆርጦ ወጥቶ በምትኩ የሚሞላው ገረጋንቲ። አይታዩማ! በምረቃ ቀን ማንም ወደነሱ አያይም። የፊት ለፊቱ ሴራሚክና ትልቁ የብረት በር ግን ሳይነኩ ይቀራሉ።

አሁን እያንዳንዱን ነገር በሁለት ቃል ግለጹት፤ ምን፣ ምን እንደሚያደርግ። ቦዩ ውሃ ያርቃል። ገረጋንቲው እብጠት ይቀንሳል። ቆርቆሮው ዝናብ ይከለክላል። ሴራሚኩ ገጽታ ያሳምራል። ሕንፃው የሚሠራው ልጆች ከዝናብና ከብርድ ተጠብቀው እንዲማሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከሌሉ እሱ የለም። አራተኛው ባይኖር ግን ትምህርቱ ይቀጥላል። ገጽታ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ ሰው በትምህርት ቤቱ እንዲኮራ እፈልጋለሁ። ግን መሠረቱን አሳልፎ ሰጥቶ አይደለም። እንዲያውም ትንተናው በደንብ ከተሠራ «ገረጋንቲው ቀጭን ነው፣ ጨምሩ» ሊል ይችላል። ወጪ ይጨምራል ማለት ነው። እሱም ቫሊዩ አናሊሲስ ነው።

«ሕዝቡ የጠየቀው ድልድይ ነው፣ ምኑ ይተነተናል?»

ሕዝቡ የጠየቀው መሻገር ነው። ክረምት ላይ ጨሞጋ ወይም ተምጫ ሲሞላ ልጆች ከትምህርት፣ እናቶች ከጤና ጣቢያ፣ ገበሬው ከገበያ ይቀራል። ጥያቄው በስብሰባ ላይ ሲነሳ ግን «የመኪና ድልድይ ይሠራልን» ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ጥያቄውን ቀድሞ መጣ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማን፣ ምን ይዞ፣ በየትኛው ወር እንደሚሻገር መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚሻገረው እግረኛና የጋማ ከብት ብቻ ከሆነ፣ በኬብል የተወጠረ ተንጠልጣይ ድልድይ በጣም ባነሰ ወጪ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በቀረው ብር ሌላ ጎጥ ሌላ ድልድይ ሊያገኝ ይችላል። ከወንዙ ማዶ በኩንታል የሚጫን በቆሎ ካለና መኪና መግባት ካለበት ግን ተንጠልጣዩ ርካሽ ቢሆንም ጥያቄውን አይመልስም። መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር ግን አንድ ነው።

«የውጭ አገር የትልልቅ ፕሮጀክት ነገር ነው»

አመጣጡን ብታውቁ እንዲህ አትሉም። ዘዴው የተወለደው ከእጦት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ጥሬ ዕቃ ጠፋ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ የዕቃ ግዢ ክፍል ይሠራ የነበረው ላውረንስ ማይልስ የሚፈልገውን ዕቃ ሲያጣ «ዕቃው ከሌለ ሥራውን የሚሠራልኝ ሌላ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሐሳቡ መልክ ይዞ ዘዴ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመርከብ ቢሮ ተቀበለውና ቫሊዩ ኢንጂነሪንግ አለው።

ከዚያ ዘመን የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ፋብሪካው አስቤስቶስ የሚባለውን እሳት የማይዘው ማዕድን ፈለገ፤ ገበያ ላይ የለም። ለምን እንደፈለጉት ሲጠየቅ፣ ዕቃ ቀለም ተነክሮ ሲያልፍ ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ እሳት እንዳያስነሳ ከሥር ሊያነጥፉት ነው። አንድ አቅራቢ እሳት የማይዘው ርካሽ ወረቀት አመጣ፤ ሥራውን በደንብ ይሠራል። የፋብሪካው የእሳት ደንብ ግን «አስቤስቶስ» ስለሚል ወዲያው አልተፈቀደም፤ በመጨረሻ ደንቡ ራሱ ተቀየረ። እኛስ ጋ ስንት ነገር ነው «ስታንዳርዱ እንዲህ ስለሚል» ብቻ የሚሠራው? ያው አንድ ዓይነት የሕንፃ ፕላን ደጋው ላይም፣ አባይ በረሃ ጫፍ ላይም ይወርዳል።

ሶፍትዌርም አይፈልግም። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ የሥራ ዝርዝሩ ከነዋጋው፣ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ይበቃሉ።

«ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይሻላል»

ለመነሻ ብቻ ከሆነ አዎ። ፕሮጀክት ግን ከተመረቀ በኋላም ይበላል።

አንድ ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ይፈልጋል እንበል። ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ መንደሩ መሃል ጉድጓድ ተቆፍሮ በጄኔሬተር መሳብ። ሌላው ከተራራው ላይ ምንጭ አጎልብቶ ረጅም መስመር ቧንቧ ዘርግቶ በራሱ ቁልቁለት ማውረድ። ሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ይወደዳል። የመጀመሪያው ግን ናፍጣ በተወደደ ቁጥር፣ መለዋወጫ በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ እናቶችም ጀሪካናቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

ነጥብ እንስጣቸው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ብቻ ናቸው። ክብደቱን ከ100 እንከፋፍል፦ ሳይቋረጥ ለማገልገል 40፣ ለዓመታዊ ወጪ 30፣ ለመነሻ ወጪ 20፣ ቶሎ ለማለቅ 10። የተራራው ምንጭ በእነዚህ መስፈርቶች ከ10 በቅደም ተከተል 8፣ 9፣ 4፣ 5 ያገኛል፤ ጄኔሬተሩ 5፣ 3፣ 7፣ 8። አባዙና ደምሩት። ምንጩ 720፣ ጄኔሬተሩ 510።

አሁን ክብደቱን ቀይሩት። መነሻ ወጪ 50 ይሁን፣ ቶሎ ማለቅ 20፣ አገልግሎት 20፣ ዓመታዊ ወጪ 10። ጄኔሬተሩ 640 አግኝቶ 550 ያገኘውን ምንጭ አሸነፈ። ነጥቦቹን አልነካንም፤ የቀየርነው ክብደቱን ብቻ ነው። ለዚህ ነው «ሰንጠረዡ ወሰነ» የሚሉ ሰዎችን የማላምናቸው። ሰንጠረዡ አይወስንም፤ ክብደቱን ያስቀመጠው ሰው ነው የወሰነው። ስለዚህ ክብደቱ አማራጮቹ ሳይታዩ በፊት፣ ውሃውን የሚጠጡት ሰዎች ባሉበት ይቀመጥ። ካለቀ በኋላም ክብደቱን ትንሽ ወዲያ ወዲህ አድርጋችሁ ፈትኑት። በትንሽ ለውጥ አሸናፊው ከተገለበጠ ውሳኔው ገና አልበሰለም።

ደግሞ ለምን ሁለት አማራጭ ብቻ? ከመመዘን በፊት ሐሳብ የማፍለቂያ ጊዜ አለ፤ በዚያ ሰዓት ማንም የማንንም ሐሳብ አይጥልም። በሶላር የሚሳብ ጉድጓድ አለ። ክረምት ላይ ደመና ይበዛል፣ ልክ ነው፤ ግን ክረምት ላይ የጣሪያ ውሃም ይጠራቀማል።

«ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ፣ ብር ሲያጥር ነው የሚሠራው»

ያኔማ ረፍዷል። ወረቀት ላይ ያለ ኮለን (ምሰሶ) በላጲስ ይጠፋል፤ አርማታ የተሞላበት ኮለን በድጅኖ ነው። ትልቁ ወጪ የሚታሰረው ገና የቦታው፣ የስፋቱና የአወቃቀሩ ውሳኔ ሲሰጥ ነው፤ በኋላ የሚቀረው ጥቃቅን ነገር መቀያየር ነው። ጥሩው ጊዜ የመጀመሪያው ረቂቅ ንድፍ ወጥቶ ዝርዝር ዲዛይኑ ሳይጀመር ነው።

ግንባታ ላይ ጭራሽ አይቻልም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን) ቀዩ መጽሐፍ፣ ማለትም መደበኛ የግንባታ ውል፣ አንቀጽ 13.2 ላይ ኮንትራክተሩ የሚጠቅም ሐሳብ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። ሐሳቡ የዲዛይን ለውጥ ካለውና የውሉን ዋጋ ከቀነሰ ከቁጠባው ግማሹን ያገኛል። ልብ በሉ፤ በለውጡ ምክንያት ለባለቤቱ የሚቀንስ ጥቅም ካለ ከቁጠባው ላይ መጀመሪያ ይቀነሳል። ሥራውን ያሳነሰ ርካሽ ሐሳብ በውሉም አይሸለምም።

«የዲዛይነሩን ሥራ ማዋረድ ነው»

እንዲህ ሆኖ የሚሰማው ሰዎቹ ሲሰበሰቡ ጥፋት ለመፈለግ ስለሚሰበሰቡ ነው። ዲዛይነሩ በተሰጠው መረጃና ጊዜ ሠርቷል። መጀመሪያ እሱ ምን ታሳቢ እንዳደረገ ያስረዳ፤ ብዙው ጥሩ ሐሳብም ከራሱ ይወጣል።

«የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው»

ቡሬ አካባቢ አንድ የገበሬዎች ማኅበር የበቆሎ መጋዘን ሊያሠራ ነው እንበል። ኢንጂነሩ ስለ ብረቱና ስለ ጣሪያው ያወራል፤ ልክም ነው። የመጋዘኑ ዋና ሥራ ግን እህል ከእርጥበትና ከነቀዝ መጠበቅ ነው። በቆሎ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ እንዳይሻግት እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ መውረድ አለበት፤ ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ያንን ድርቀት መጠበቅ ይኖርበታል። ይህን ለማወቅ የእህል ባለሙያ ያስፈልጋል። የዕቃ ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ ኬሻው ግድግዳ ከነካ ላብ እንደሚያወጣ፣ በቁልሉና በግድግዳው መሃል ሰው የሚዞርበት ክፍተት ካልተተወ አይጥና ነቀዝ እንደማይታይ ያውቃል። ወዛደሩን ጠይቁት። ኩንታል በጀርባው የሚያወርደው እሱ ነው። የመጋዘኑ በረንዳ ከመኪናው መጫኛ ጋር እኩል ከፍታ ቢኖረው ያ ሁሉ መውጣትና መውረድ እንደሚቀር፣ በሩ ክረምት ዝናብ በሚገርፍበት በኩል ከተከፈተ የመጀመሪያው ረድፍ እንደሚረጥብ በደቂቃ ይነግራችኋል። በሩን ወደ ሌላኛው ጎን ማዞር ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው።

በተለመደው አሠራር የቫሊዩ አናሊሲስ ስብሰባ አምስት ቀን፣ 40 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለትንሽ መጋዘን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይበቃል። ወዛደሩና ዕቃ ክፍሉ የሚጠሩት ግን መጨረሻ ላይ ለማጨብጨብ ሳይሆን መጀመሪያ ቀን፣ ወረቀቱ ገና ባዶ ሳለ ይሁን። አበልም ያዙላቸው፤ የቀን ሠራተኛ ስብሰባ ላይ ሲውል የዕለቱ ገቢ ይቀርበታል።